የቆየች ፕራዶ 95 ላይ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ሞላና መብራት መቀየር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ የሚሆነው የትኛው ነው?

ቦርከና95፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ በ1998 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 5 በር ፕራዶ 95 ናት። ሞተሯ 3.0 ተርቦ ናፍጣ (1ኬዜድ)፣ ካምቢዮዋ ማኑዋል ነው። ያለው ቸርኬ የፋብሪካው 16 ኢንች አሉሚኒየም፣ ጎማው 265/70 አር 16 ነው፤ ጎማው አልቋል። አብዛኛው ሥራዋ ደሴ–ኮምቦልቻ ምልልስ ነው፤ አልፎ አልፎ በባቲ አድርጋ ሚሌ ትወርዳለች፣ በጉጉፍቱ በኩልም ወደ ወረኢሉ ትሄዳለች። ያሰብኩት 17 ወይም 18 ቸርኬ፣ ወፈር ያለ ጎማ፣ 5 ሳንቲም ከፍ ማድረግ፣ ከፊት ቡልባር፣ ኤልኢዲ መብራትና ፖርቶመጋላ ነው። የትኛው ከየትኛው ይቅደም? የትኛውስ ይቅር? ቁጥር እየጠቀሳችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጎሚስታ ሸዋ በር፦
ስለ ቸርኬና ጎማ እኔ ልበል፤ የሞተርና የእግር ሥራውን ባለሙያዎቹ ይሙሉበት።

ፕራዶ 95 ባለ 6 ቡሎን ነው፤ የቡሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር፣ የመሃል ቀዳዳው 106.1 ሚሊ ሜትር፣ የቡሎኑ ጥርስ 12 በ1.5 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ካልገጠሙ ምንም ያህል የሚያምር ቸርኬ ቢሆን ተወው። በተለይ የመሃል ቀዳዳውን ብዙ ሰው አይለካውም። ቀዳዳው 110 የሆነ ቸርኬ በቡሎን ይታሰራል፣ ግን ሃቡ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ ስለማይቀመጥ መሃሉን አይጠብቅም። ባላንስ ማሽን ላይ ዜሮ ያወጣል፣ መኪናው ላይ ሲታሰር ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሪውን ያንቀጠቅጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ባላንስ ሠሪውን ይወቅሳል። መሃሉን የሚሞላ ቀለበት ከሌለው አትግዛ።

ሁለተኛው ኦፍሴት ነው፤ የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከቸርኬው መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደሚርቅ ማለት ነው። ሰፊ ፓራፋንጎ ያለው 95 የሚወጣበት ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ 7 ኢንች ስፋት ኖሮት ኦፍሴቱ 15 ነው። ለአንተ የሚቀርብልህ 17 ኢንች ምናልባት የፕራዶ 120 ይሆናል፤ እሱ 7.5 ስፋት፣ ኦፍሴት 30 ነው። ስሌቱን ብትሠራው የቸርኬው የውስጥ ከንፈር ካሁኑ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ሻንሲው ይጠጋል፤ የውጭው ደግሞ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይገባል። ይገጥማል፣ ግን መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙረህ ከሻንሲውና ከስታቢላይዘሩ ጋር ያለውን ክፍተት ጣትህን አስገብተህ እይ። ኦፍሴቱ በቸርኬው ጀርባ ተቀርጿል፤ ሻጩ የሚልህን ሳይሆን የተቀረጸውን አንብብ።

መጠኑን በተመለከተ (265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶ፣ 16 የቸርኬው ኢንች ነው)፦ 265/70 አር 16 ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ነው፣ 265/65 አር 17 ደግሞ 776። ስለዚህ 17 ብታደርግ የፍጥነት መለኪያህም የማርሽ ስሜትህም አይለወጥም። የጎማው ጎን ግን ከ185 ወደ 172 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በ18 ቸርኬ (265/60) 159 ይቀርሃል። ከጉጉፍቱ ወዲያ ባለው ድንጋያማ መንገድ ቸርኬን ከመሬት የሚያድነው ይሄ ጎን ነው። የእኔ ፍርድ፦ 18ን ተወው፣ 16 ወይም 17 ያዝ። 17 ካልክ አንድ ጥቅም አለው፤ 265/65 አር 17 የፕራዶ 120፣ የፕራዶ 150ና የብዙ ሃይሉክስ ጎማ ስለሆነ መንገድ ላይ ቢፈነዳብህ ኮምቦልቻም ሆነ ከሚሴ መጠኑን ፍለጋ አትንከራተትም።

ሞላና ቡሎን፦
ጎሚስታው ያለው ትክክል ነው። ግን ቦርከና፣ ገንዘቡን ቸርኬ ላይ ከማፍሰስህ በፊት የፊት እግሯን የታች ቦል ጆይንት (የታችኛውን አርም ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘውን ኳስ ያለው መገጣጠሚያ) አሳይ። በዚህ መኪና ላይ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ ደጋግሜ ብለውም አይበዛም።

በብዙ መኪና ላይ የታችኛው ቦል ጆይንት በመኪናው ክብደት ይጨመቃል፤ ቢያረጅ እንኳ ይንኳኳል እንጂ በቀላሉ አይለያይም። በ95 ላይ አቀማመጡ ተቃራኒ ነው፤ ክብደቱ ኳሱን ከቤቱ ይጎትተዋል። ሲያልቅ ኳሱ ከቤቱ ይወጣል፣ ጎማው ወደ ጎን ይጋደማል፣ ሲቪ ጆይንቱን (ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን መገጣጠሚያ) እና የፍሬን ቱቦውን ይዞ ይሄዳል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ይሄ ቢደርስ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ሰፊ ጎማ፣ ከባድ ቸርኬና ስፔሰር (በሃቡና በቸርኬው መካከል የሚገባ ብረት) ደግሞ በዚሁ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራሉ።

ምርመራው፦ ክሪኩን ከታችኛው አርም ሥር አድርገህ ጎማውን ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲም አንሣ። ረጅም ብረት ከጎማው ሥር አስገብተህ ወደ ላይ እየገፋህ ሌላ ሰው በባትሪ ብርሃን ቦል ጆይንቱን ይመልከት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ አልቋል። የቦል ጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ግሪሱ ከደረቀ ምንም ባይንቀሳቀስም ቀይረው።

ሲቀየር ግራና ቀኙ የተለያዩ ናቸው። በ4 ቡሎን ከሥር ይታሰራል፤ ቡሎኖቹ በ80 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፣ አሮጌዎቹ ተመልሰው አይታሰሩም፣ አዲስ ይገዛል። እዚህ ላይ ኦርጅናል ብቻ ነው የሚገዛው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ስትልክ የሻንሲ ቁጥሯን አብረህ ላክ፣ ሳጥኑን ብቻ አይተህ አትመን፤ ኳሱን በእጅ አዙረው፣ አዲስ ዕቃ ጠንከር ብሎ እኩል ይዞራል፣ ላላ ወይም ቆረቆር አይልም።

ባቲ መንገድ፦
እኔ ደግሞ 285/75 አር 16 ነው የምለው። መልኳ ይለወጣል፣ ድንጋይም አትፈራም። ጠርዙን ትንሽ መቁረጥ ነው፣ ሌላ ምን አለው?

ሞላና ቡሎን፦
ባቲ መንገድ፣ ወንድሜ፣ መልኳ እንደሚያምር አልክድም። ግን ቁጥሩን እንይ። 285/75 አር 16 ቁመቱ 834 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሁኑ 7 በመቶ ከፍ ይላል። መለኪያው 80 ሲል በእውነት 86 ትሄዳለህ። ዳገት ላይ ሁሉም ማርሽ 7 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ በ4ኛ የምትወጣውን በ3ኛ ትወጣዋለህ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ የሚይዝልህ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ፍሬኑም ያንኑ ጎማ ለማቆም ይበልጥ መጨመቅ አለበት። በ5 ሳንቲም ከፍታ ብቻ መሪው ሲዞር ከፓራፋንጎው የኋላ ጠርዝ ጋር ይፋጫል፤ የሚቆረጠው ፕላስቲኩ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለው የላሜራ ስፌት ጭምር ነው። ያ ስፌት ተቆርጦ በደንብ ካልታሸገ ዝገት የሚገባበት በር ነው።

ወፈር ያለ ከተፈለገ 265/75 አር 16 በቂ ነው፤ 804 ሚሊ ሜትር። መኪናዋ በ13 ሚሊ ሜትር ትነሣለች፣ 80 ሲል 83 አካባቢ ነው። በደህና ሞላ ላይ ብዙውን ጊዜ ሳይፋጭ ይገባል።

ቦርከና95፦
አመሰግናለሁ። ቦል ጆይንቱ ይቅደም፣ ገብቶኛል። አሁን ያገለገለ የፕራዶ 120 ባለ 17 ቸርኬ ከነ25 ሚሊ ሜትር ስፔሰሩ ቀርቦልኛል። አንደኛው ቸርኬ ላይ የብየዳ ምልክት አለ፤ ሻጩ በአርጎን ተበይዷል፣ ችግር የለውም ይላል። ምን ላድርግ?

ጎሚስታ ሸዋ በር፦
የተበየደውን አትቀበል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ በሙቀት ተሠርቶ ነው፤ አርጎን የነካው ዙሪያ ያን ጥንካሬ ያጣል። ስንጥቁ ተመልሶ የሚመጣው ከብየዳው መሃል ሳይሆን ከጎኑ ነው። ውጫዊ ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ሌላ ነገር ነው፤ የውስጥ ከንፈር ወይም የእግሩ ሥር ላይ ያለ ብየዳ ግን ለማንም አይሸጥም።

የቀሩትን እንዲህ መርምር፦ ጎማውን አስወልቀህ ባዶ ቸርኬውን ባላንስ ማሽን ላይ አስር፣ አዙረው፣ አንድ ጠመኔ ቀስ ብለህ ወደ ውስጠኛው ከንፈር አስጠጋ። ጠመኔው ሳይነካው የሚያልፍበትና የሚነካበት ቦታ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ታጥፏል። ቀጥሎ ጎማው የሚቀመጥበትን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጥራና እይ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካለበት ጎማው ሌሊቱን አየር ያወጣል፣ እሱ ግን በማጽዳትና በማሸጊያ ይድናል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ከሆኑ ደግሞ ተወው፣ ላልቶ ሲነዳ የኖረ ነው።

ስፔሰሩን በተመለከተ፦ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በመሃል የሚሰካ ሮንዴላ መሳይ ነው፤ እሱ የቡሎኑን ርዝመት ይበላል። 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መግባት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አይታሰርም። ሌላው የራሱ 6 ቡሎን ያለው፣ መጀመሪያ ሃቡ ላይ በራሱ ዳዶ የሚታሰር ነው። የቀረበልህ 25 ሚሊ ሜትሩ ሁለተኛው ከሆነና ሁለቱም ፊቱ 106.1 ከሆነ ይሠራል። ቸርኬው ያለ ስፔሰር ምንም የማይነካ ከሆነ ግን ስፔሰሩን አታድርገው። ቸርኬውን ወደ ውጭ ባወጣኸው ቁጥር ኩሺኔታውና ያ ቦል ጆይንት ይከፍላሉ። ካደረግክ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቸርኬውን ፈትተህ ከሥር ያለውን የስፔሰሩን ዳዶ እንደገና አጥብቅ። ሰው የውጭውን ዳዶ አጥብቆ ይሄዳል፣ የሚላላው ግን የማይታየው ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ስለ ፍሬን ማንም አላነሣም፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው የሚለቀቀው። መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ሰው ሁሉ የሚረሳው አንድ ነገር አለ።

ከኋላ በሻንሲውና በአክሰሉ መካከል በትንሽ ዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነት መለካት ነው፤ መኪናዋ ስትጫን ቁጭ ትላለች፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ዘይት ይለቃል። ባዶ ስትሆን ትነሣለች፣ ለኋላ ይቀንሳል። አንተ በሞላ 5 ሳንቲም ስታነሣት ቫልቩ «መኪናዋ ባዶ ናት» ብሎ ይደመድማል፣ አምስት ሰውና ዕቃ ጭነህም ቢሆን። የኋላ ፍሬን ደከመ፣ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ወደቀ ማለት ነው። ቁልቁለቱ መሃል ላይ የፊት ዲስክ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይሸታል፣ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ይላል። ያኔ ሰው ሸራ ይቀይራል፣ ዲስክ ያስላጫል፤ ምክንያቱ ግን ያ ዘንግ ነው።

ከዚህ ጋር የፍሬን ዘይቱን ቀይር። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። ውኃ የሚጠጣው ከአየሩ እርጥበት ነው፣ የደሴ ክረምት ደግሞ እርጥበት አያጣም። በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ፔዳሉ ወደ ታች ሰምጦ ሲቀር ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው፤ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ሳይቆም ሲቀር ሸራው ነው የጋለው። ሁለቱን አታምታታ።

ቦርከና95፦
ይሄን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። ዘንጉን እንዴት ነው የማስተካክለው?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ከማንሣትህ በፊት ባዶ መኪና ሜዳ ላይ አቁመህ ዘንጉ ከአክሰሉ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ከሻንሲው በሜትር ለካና ጻፈው። ከተነሣች በኋላ እንደገና ለካ። ልዩነቱ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከአክሰሉ በኩል ያለውን ማሰሪያ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ ቁራጭ ማሰሪያ ከ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ አስበይደህ በቡሎን ታስራለህ። አክሰሉ ላይ በቀጥታ አታስበይድ። ትንሹን ማስተካከያ ዘንጉ ራሱ ላይ ባለው ጥርስ ትጨርሳለህ፤ ሲረዝም ለኋላ ይጨምራል፣ ሲያጥር ይቀንሳል።

ከዚያ ባዶ በሆነ እርጥብ ጠጠር መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድንገት ያዝ፣ ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ይይ። ኤቢኤስ ከሌላት ፊት ጎማው ቀድሞ መቆለፍ አለበት። ኋላው ቀድሞ ከቆለፈ ዘንጉን አሳጥር፤ ያ ሁኔታ መኪናውን ያዞራል። የፍሬን ቱቦዎቹንም እይ፤ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ቱቦው መወጠር የለበትም፣ መላላት አለበት።

ሞላና ቡሎን፦
ወደ ሞላው እንሂድ። ቡልባር ማድረግህን አስቀድመህ ወስን፣ ሞላ ከዚያ በኋላ ይገዛል። ሞላ በክብደት ደረጃ ነው የሚሸጠው፤ እዚሁ ከወፍራም ቱቦ የሚበየደው ቡልባር ቀላል አይደለም። ለባዶ ፊት የተሠራ ሞላ ገዝተህ ቡልባር ብትጨምር ያገኘኸውን ከፍታ መልሰህ ታጣለህ፤ ለቡልባር የተሠራውን ገዝተህ ቡልባር ብትተው ደግሞ ፊቷ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲቪ ጆይንቱ በሰፊ ማዕዘን ይሠራል፣ የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል።

ከሞላው ራስ ላይ የሚጨመር ብረት ሲሸጥልህ ተጠንቀቅ። የፊት ሾኩ በአርሙ መሃል አካባቢ ስለሚያርፍ ከላይ 2.5 ሳንቲም ብትጨምር ፊቷ ወደ 5 ሳንቲም ይነሣል። ብዙ ሰው 5 ሳንቲም ፈልጎ 5 ሳንቲም ብረት ይጨምርና ጆይንት ይሰብራል። ለ95 ጣሪያው 5 ሳንቲም ነው፤ ከዚያ በላይ የፊት ዲፈረንሻልን ዝቅ ማድረግና የላይኛውን አርም መቀየር ይከተላል፣ ለእናንተ መንገድ አያስፈልግም።

የፊት ሞላ ከሾኩ ላይ የሚወጣው በሞላ መጨመቂያ ብቻ ነው፤ በሁለት ተቃራኒ ጎን፣ እኩል እየተጠበቀ። በሽቦና በገመድ የሚሠሩ አሉ። የተጨመቀ ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል።

ሲጨርሱ አላይመንት ግዴታ ነው። የታችኛው አርም ላይ ያሉት ማስተካከያ ቡሎኖች ከእጅጌያቸው ጋር ዝገው ይያያዛሉ፤ አላይመንት ቤት ከመሄድህ ሁለት ቀን አስቀድሞ ዝገት ማላቀቂያ እየረጨህ አላላ። ካልዞሩ ሠሪው ጎማውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ብቻ አስተካክሎ ይልክሃል፣ አዲሱ ጎማም የውስጥ ጎኑ በጥቂት ወር ይላጫል። የኋላዋም ስትነሣ አክሰሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ አክሰሉን በትንሹ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ በ5 ሳንቲም ብዙ አይታይም፣ እንዳትደነግጥ።

ኤሌክትሪክ ቤት ኮምቦልቻ፦
መብራቱን ለእኔ ተዉልኝ። የዚህች መኪና የፊት መብራት እንደ ሌላው አይሠራም። በብዙ መኪና ማብሪያው ፖዘቲቩን ይቆርጣል፤ በ95 ላይ ፖዘቲቩ ሁልጊዜ አምፖሉ ላይ አለ፣ ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጌቲቩን ነው። ይሄን ያላወቀ ሠራተኛ የሪሌይውን (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) 86 ቁጥር እግር ከረጅሙ መብራት ገመድ፣ 85ን ከቦዲ ያስርና ተጨማሪው መብራት ሳይታዘዝ ይበራል። ትክክሉ አንዱን እግር ከአምፖሉ የጋራ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከረጅሙ መብራት ኔጌቲቭ ማሰር ነው። ከመቁረጥህ በፊት በቴስተር ለካ።

የቀረው ቀላል ነው። የሪሌይው 30 ቁጥር እግር ከባትሪ በፊውዝ በኩል፣ 87 ወደ መብራቱ። 120 ዋት ኤልኢዲ ባር ወደ 10 አምፔር ይወስዳል፤ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዙ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ መብራቱን አይደለም፤ መብራቱ አጠገብ ብታስረው ከባትሪው እስከዚያ ያለው ገመድ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ከፋየር ዎል ወይም ከላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍ ገመድ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑረው፤ በቀጥታ ላሜራ የነካ ገመድ በንዝረት ይላጣል።

ጣሪያ ላይ የምታስረው ባር ለሚሌ ሜዳ ጥሩ ነው። ለሐረጎና ለጉጉፍቱ ጉም ግን አይሆንም፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ኮፋኖህንና ጉሙን አብርቶ ዓይንህ ላይ ይመለሳል። ለጉም የሚያስፈልገው ዝቅ ብሎ ከባምፐሩ ሥር የታሰረ፣ ጨረሩ ሰፊና ከላይ የተቆረጠ መብራት ነው። ቢጫ ይሁን ነጭ ክርክር አልገባም፤ ቁመቱና የጨረሩ ቅርጽ ነው የሚወስነው።

ባቲ መንገድ፦
የፊት መብራቱን አምፖል ራሱን በኤልኢዲ ቢቀይረውስ? ርካሽም ነው፣ ብርሃኑም ነጭ ነው።

ኤሌክትሪክ ቤት ኮምቦልቻ፦
የ95 የፊት መብራት መስታወቱ የተቀረጸው ለኤች 4 ሃሎጅን ሽቦ ነው፤ ሽቦው ያለበት ነጥብ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዛባ ጨረሩ ይበተናል። ሁለት መኪና በጠባብ ኩርባ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ማሳወር ነው። መብራቷ የደከመው ብዙ ጊዜ አምፖሉ ስላረጀ ሳይሆን ገመዱ ስላረጀ ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ካለ አምፖሉ ሶኬት ላይ ለካ፤ 12 ወይም ከዚያ በታች ካገኘህ ሪሌይና አዲስ ገመድ ብቻ ሥራላት። ያው 60/55 ዋት ሃሎጅን በደንብ ይነጣል። የደበዘዘውን መስታወት ማስወልወልም አትርሳ።

ጉጉፍቱ፦
ከቡልባሩ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 1ኬዜድ የአሉሚኒየም ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ያለው ሞተር ነው፤ ከጋለ ቴስታው ይሰነጠቃል፣ በዚህ የታወቀ ነው። ቡልባር፣ ሁለት ትልልቅ መብራትና ሰሌዳ ከግሪሉ ፊት ሲደረደሩ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ይቀንሳል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ፍጥነት ዝቅተኛ፣ ጭነት ከፍተኛ ነው።

በደሴ ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ የራዲያተር ክዳን መፍያውን ወደ 114 ያደርሰዋል። ክዳኑ ላስቲኩ ከደረቀ ያ ሁሉ ጥበቃ ጠፋ ማለት ነው፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ቀይረው። ኩላንቱ ግማሽ በግማሽ ይሁን፣ የቧንቧ ውኃ ብቻ አይሞላ። የፋኑን ጤንነት ለማየት ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ አዙረው፤ በነፃነት ብዙ ዙር የሚሽከረከር ከሆነ ውስጡ ያለው ሲሊኮን ዘይት አልቋል። ጌጁን ብቻ አትመን፣ መሃል ላይ ቆሞ ይቆይና ሲንቀሳቀስ ዘግይቷል። ገንዘብ ካለህ ቴስታው ላይ የሙቀት ማንቂያ አስገባ፤ ከኤልኢዲ ባር ይልቅ እሱ ነው የሚያድንህ።

መብራቶቹን ከግሪሉ ፊት ሳይሆን ከቡልባሩ ጫፍና ጫፍ አስቀምጣቸው።

ጎሚስታ ሸዋ በር፦
ስለ ነፋስ ልኬት ጥያቄ ስለሚበዛ፦ ለ265 ጎማ ከ29 እስከ 32 ፒኤስአይ፣ በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ። ደሴ ላይ ሞልተህ ሚሌ ብትወርድ ከፍታው ሲቀንስ መለኪያው ወደ 3 ፒኤስአይ ዝቅ ያሳያል፣ ሙቀቱ ደግሞ የዚያን ያህል መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ መንገድ ላይ ሞቅ ብሎ ስታየው አታውጣ። ኤል ቲ (የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ማለት ነው) የተጻፈበት ጎማ ከሆነ ጥቂት ፒኤስአይ ጨምር። ስትገዛ የጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች አንብብ፤ 2322 ማለት በ2022 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የጭነት ቁጥሩ ከ112 አይነስ፤ በአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ማለት ነው።

ቦርከና95፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የተበየደውን መልሼ፣ 4 ጤነኛ የ120 ቸርኬ ያለ ስፔሰር፣ 265/65 አር 17 ላደርግ ነው። ስኮርታው የኋላ በር ላይ ያለው የድሮው 16 የላሜራ ቸርኬ ነው፣ ጎማው 235 የሆነ አሮጌ። እሱን ልተወው? ዳዶዎቹስ አንድ ናቸው?

ጎሚስታ ሸዋ በር፦
አብሽር፣ ግን ሁለቱም ላይ ጥንቃቄ አለ። የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ረጅም አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ አለው፣ የላሜራው ደግሞ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣውን ጠፍጣፋ መቀመጫ ባለው ቸርኬ ላይ ብታስረው ጠርዙ ብቻ ይነካል፤ የጠበቀ ይመስልሃል፣ ጥቂት መንገድ ሄዶ ይላላል። የላሜራ ስኮርታ ካስቀመጥክ 6 ሾጣጣ ዳዶ አብሮት በከረጢት ይኑር። ማጥበቂያው በኮከብ ቅደም ተከተል 110 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ በቶርክ ቁልፍ። በአየር ሽጉጥ ብቻ የሚጨርስ ቤት ካጋጠመህ አስቁመህ በእጅ አስጨርስ፤ ቡሎኑ ከተለጠጠ በኋላ የሚበጠሰው መንገድ ላይ ነው።

ስኮርታው ግን መጠኑ ይበልጣል። ያንተ 95 ሁልጊዜ በ4 ጎማ የምትነዳ ናት፣ ከፊትና ከኋላ መካከል ዲፈረንሻል አለ። አንዱ ጎማ በቁመት ካነሰ ያ ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ አስፋልት ላይም ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ዘይቱ ይግላል። የመሃሉ ተቆልፎ ደግሞ እንዲህ ከተነዳ ዘንግ ያጣምማል። ስለዚህ አምስተኛ ቸርኬና አምስተኛ 265/65 አር 17 ግዛ፣ አምስቱንም በየ10,000 ኪሎ ሜትር እያፈራረቅክ እኩል አስበላቸው። አምስተኛውን ለጊዜው ካላገኘህ ከአሮጌዎቹ 265/70 አር 16 ጎማዎች የተሻለውን በራሱ ቸርኬ ኋላ በር ላይ ስቀለው፤ አዲስ ሲሆኑ ቁመታቸው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚለየው። 235ቱን ግን አውርደው።